ስድስተኛው ካባ

ናሙቢሩ ቀዩን ካባ ገልብጣ ጉልበቷ ላይ ዘርግታዋለች። በግራ እጇ ገበሩን ወጥራ ይዛ፣ በቀኝ እጇ የድሮውን ስፌት በምላጭ ጫፍ ትተረትራለች። አንዱን ክር ትበጥሳለች፣ ሦስቱን ታልፋለች፣ አንዱን ትበጥሳለች፤ ከዚያ በጥፍሯ ሳብ ስታደርገው ስፌቱ በሙሉ ጨርቁን ሳይጎዳ ይወጣላታል። የወጣውን ክር አትጥለውም። በከንፈሯ ያዝ አድርጋ ትቆይና በጣቷ ጠቅልላ ባዶ የማርጋሪን ቆርቆሮ ውስጥ ታኖረዋለች። ቀይ ክር ዓይነቱ ብዙ ነው፤ ይሄኛው ቀይ ግን ከገበያ ከጠፋ ቆይቷል።

"ኛቦ፣" አሉ፣ እመቤቴ እንደማለት፣ ከጎኗ የተቀመጡት ጫማ ሰፊው ሽማግሌ ሙዜ ሉቦዋ፣ ሁለት ትናንሽ ሚስማሮች በከንፈራቸው እንደያዙ። "ያ ካባ ሲመጣ ምን ጎድሎት ነበር?"

"ጫፉ ተፈትቶ ነበር።"

"ጫፉ ብቻ?"

"ጫፉ ብቻ።"

"ታዲያ ለምን እንደ በግ ገፈፍሽው?"

ናሙቢሩ ሳቋን ዋጠች። "ገበሩ ያሳክካቸዋል። በበዓሉ ቀን አደባባይ ላይ ሐጃት ሲናገሩ ትከሻቸውን ሲያሹ አይቻለሁ። ስለ እኛ ሊናገሩ ተነሥተው እያከኩ ይቁሙ?"

"ሰው እያከከም እውነት ይናገራል።"

"ይናገራል። የሚሰማው ግን ማከኩን ነው የሚያየው።"

ሙዜ ሉቦዋ አንዱን ሚስማር ከከንፈራቸው አውጥተው በእጃቸው ያለው ጫማ ተረከዝ ላይ መቱት።

ካባው የከተማው ምክር ቤት ነው። አባላቱ ለስብሰባ ሲቀመጡ ሁሉም ቀይ ካባ ይለብሳሉ፣ ካባ ያልለበሰ አባል ደግሞ አይናገርም፤ ደንቡ ከድሮ ጀምሮ እንዲህ ነው። በዚህ ወር ስድስት ካባ እንድትጠግን ተሰጥቷት አምስቱን ረቡዕ ዕለት አድርሳለች። ስድስተኛው የሐጃት ናካዪዛ ነበር። ሐጃት በምክር ቤቱ የሴቶች ተወካይ ናቸው፤ ስለ በረንዳው ሰዎች እናገራለሁ ያሉትም እሳቸው ብቻ ናቸው። ለዚህ ነው ናሙቢሩ ሌሎቹን ካባዎች ጫፋቸውን ዘምዝማ ስትመልስ፣ የሐጃትን ገበር አውልቃ በለስላሳ ጨርቅ ልትለውጥላቸው የተነሣችው። ጨርቁን የገዛችው በራሷ ገንዘብ ነው። ለሐጃትም አልነገረቻቸውም።

ነገሩ ስለ በረንዳው ነው። ምክር ቤቱ አዲስ ማስተር ፕላን አውጥቷል። በፕላኑ የዋናው መንገድ በረንዳዎች ሁሉ ለእግረኛ ይለቀቃሉ፤ ልብስ ሰፊዎች አዲሱ የገበያ ሕንጻ ሦስተኛ ፎቅ ይወጣሉ፤ ጫማ ሰፊዎች ከከተማው ወዲያኛው ጫፍ፣ አውቶቡስ ማቆሚያው አጠገብ የቆርቆሮ መጠለያ ይሠራላቸዋል። ወረቀቱ በየሱቁ በር ላይ የተለጠፈ ቀን ናሙቢሩ መነጽሯን አድርጋ ሁለት ጊዜ አነበበችው። ከዚያ መነጽሯን አውልቃ ጠረገችና ሦስተኛ ጊዜ አነበበችው። ገበያውና አውቶቡስ ማቆሚያው መካከል ግማሽ ሰዓት ያስኬዳል፤ ለሙዜ ሉቦዋ እግር ደግሞ አንድ ሰዓት።

ናሙቢሩ ስልሳ አንድ ዓመቷ ነው። ያሳደገቻት ሴንጋዋ፣ የአባቷ እህት፣ ስፌትም እሷው ናት ያስተማረቻት፤ ስትሞትም በእግር የሚረገጠውን የስፌት መኪናዋን ተወችላት። ባሏ ከሐይቁ ዓሣ በመኪና የሚያመላልስ ሾፌር ነበር፤ ሁለተኛ ልጃቸው ሦስተኛ ክፍል ሳለች አረፈ። የዚያን ጊዜ የፍራሽ ሱቁን ባለቤት በረንዳህን ስጠኝ ብላ ለመነችና መኪናዋን አወጣች። ሁለቱን ሴቶች ልጆቿን በትምህርት ቤት ዩኒፎርም ስፌት አሳደገች። አንዷ ዛሬ ነርስ ናት፣ አንዷ ካምፓላ ተድራለች፤ ሁለቱም "እማዬ ነይ ከእኛ ጋር ኑሪ" ይሏታል። "መኪናዬ ከባድ ነው፣ ማን ይሸከመዋል" ትላቸዋለች።

ሙዜ ሉቦዋ የመጡት ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት በፊት ነው። ሙዝ ሲያራግፉ ከጭነት መኪና ወድቀው ግራ እግራቸው ተሰብሮ ከሆስፒታል የወጡ ሰሞን፣ የጫማ መሣሪያቸውን በከረጢት ይዘው መጥተው፣ "ኛቦ፣ ለአንድ ሳምንት ያህል በዚህ ጥግ ብቀመጥ ትቀየሚያለሽ?" አሏት። አልቀየምም አለች። ያ ሳምንት እስከ ዛሬ አላለቀም። ጠዋት ቀድመው የሚደርሱት እሳቸው ስለሆኑ የሁለቱንም በኩል ይጠርጋሉ፤ እሷ ሻይ በፔርሙዝ ታመጣለች። ዝናብ ከመንገዱ ወደ በረንዳው ሲመታ ላስቲኩን አንዱን ጫፍ እሷ በመኪናዋ እግር ታስራለች፣ ሌላውን እሳቸው በምርኩዛቸው ደግፈው እስኪያባራ ይይዙታል። የእሷ ጎሣ የማምባ ጎሣ ስለሆነ ማምባ የሚባለውን ዓሣ አይበላም። ሙዜ ሉቦዋ ደግሞ ማምባ ነፍሳቸው ነው፤ ግን በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ አንድም ቀን ወደዚያ በረንዳ ይዘው አልመጡም። ይህን ማንም አላዘዛቸውም፣ እሷም አመሰግናለሁ ብላ አታውቅም። የሱቁ ሠራተኞች "ባልና ሚስቱ" እያሉ ሲያላግጡባቸው ሁለቱም ያልሰሙ ይመስላሉ።

ገበሩን አውልቃ ስትጨርስ አዲሱን ጨርቅ በስፒል ያያዘችው በእርጋታ ነው። ስብሰባው ምንጊዜም ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ እንደሚጀመር ታውቃለች። ሐሙስ ዕለት ሊሆን የነበረው ወደ ዓርብ የተዛወረው የአንድ አባል እናት ስለተቀበሩ ነው፤ ቀብር ባለበት ቀን ስብሰባ የሚጠራ የለም፣ ምክር ቤቱ በሙሉ ቀብር ላይ ነበር። ዛሬ ዓርብ ነው፣ ገና አራት ሰዓት አልሆነም። ጊዜ ሞልቷል።

ሥጋ ሻጩ ማጂድ ሰንደል ጫማውን ሊወስድ መጣ። ነጭ ቀሚሱን ለብሷል።

"ሙዜ፣ አልቋል? ከጁምዓ በፊት እፈልገዋለሁ።"

"አልቋል። እንደ አዲስ ነው። ባለቤቱ ነው እንጂ ያረጀው።"

"እርስዎን የሚያህል ሰው ስለ እርጅና ሲያወራ ደስ ይላል።" ማጂድ ሰንደሉን አገላብጦ አየና ካባው ላይ ዓይኑ አረፈ። "ኛቦ ናሙቢሩ፣ ይሄ የማነው? ምክር ቤቱ ከሦስት ሰዓት ጀምሮ ተቀምጧል እኮ።"

ናሙቢሩ ቀና አለች። "ስብሰባው ስምንት ሰዓት ነው።"

"ሐሙስ ሲሆን። ዓርብ ከሆነማ ከጁምዓ በፊት ማለቅ አለበት። ግማሹ አባል ሙስሊም አይደለም እንዴ? ስምንት ሰዓት ላይ ማን ይቀመጥላቸዋል?"

ይህን ሕፃን እንኳ ያውቀዋል። ናሙቢሩም ታውቀዋለች። የቀኑን መዛወር ሰምታ የሰዓቱን መዛወር ግን ልቧ ሳያስበው ቀረ። ካባውን ገልብጣ አየችው። የጫፉ አንድ ክንድ ያህል አልተዘመዘመም፤ የቀኝ እጅጌው ገበር በስፒል ብቻ ነው የተያያዘው።

"ሂጂ፣" አሉ ሙዜ ሉቦዋ።

"ስፒል አለበት።"

"ከነስፒሉ ውሰጂው። መኪናሽን እኔ እጠብቃለሁ። ሂጂ ናሙቢሩ።"

ያለ "ኛቦ" ሲጠሯት ይህ የመጀመሪያው ነበር። እሷ ግን ይህን ያስተዋለችው መንገዱን ከተሻገረች በኋላ ነው።

የጎሜሲ ቀሚሷን ጫፍ በአንድ እጇ ሰብስባ፣ ካባውን በሌላው ክንዷ ላይ እንደ ሕፃን አቅፋ ሄደች። ሮጠች ለማለት አልችልም፤ ስልሳ አንድ ዓመት ነው። ምክር ቤቱ በር ላይ ስትደርስ አፏ ደርቋል። ካባ ለማድረስ ሁልጊዜ የምትመጣው በጓሮው በር፣ እስከ ዕቃ ቤቱ ብቻ ነበር። አዳራሹን ከውስጥ አይታው አታውቅም።

"ጃጃ፣ ወዴት?" አላት የበሩ ዘበኛ፣ እንደ አያቱ ቆጥሮ።

"የሐጃት ናካዪዛ ካባ ነው።"

ዘበኛው ካባውን አየ፣ እሷንም አየ፤ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "በአላህ። ከጠዋት ጀምሮ እጃቸውን እያወጡ ነው። አፈ ጉባኤው 'ያለ ካባ መናገር የለም' እያሉ ያልፏቸዋል። ይግቡ፣ ይግቡ፣ ጫማዎትን አያውልቁ።"

እሷ ግን ጫማዋን አውልቃ ነበር። በእጇ ይዛው ገባች።

አዳራሹ በቀይ ካባ ተሞልቷል። ከፊት ከፍ ባለው ወንበር አፈ ጉባኤ ካቴንዴ ተቀምጠዋል፤ የካባቸውን የአንገት መታጠፊያ ባለፈው ዓመት የለወጠችላቸው እሷ ናት፣ በትክክል ተኝቷል። ሐጃት ናካዪዛ ከአባላቱ ጀርባ፣ ከእንጨቱ አጥር ውጪ፣ በአረንጓዴ ሻሻቸው እንደ እንግዳ ለብቻቸው ተቀምጠዋል።

የቆመው ካሉሌ የሚባለው አባል ነበር፣ የሕንጻ ዕቃ ነጋዴው። "ይህች ከተማ ናት ወይስ ሁልጊዜ የገበያ ቀን ነው?" ይላል። "ሰው በረንዳ ላይ ሲሄድ በመርፌና በማስቲሽ መካከል እየዘለለ ነው። የአንድ ቀን የቦታ ትኬት ቆርጠው መቶ ዓመት ይቀመጣሉ። ትኬቱ ይቅር፣ የዓመት ፈቃድ ያውጡ፣ እንደማንኛውም ነጋዴ ጣሪያ ሥር ይግቡ። በረንዳው ሰኞ ይለቀቅ።"

"ሰኞ?" አሉ ከፊቱ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ አባል፣ ሳይነሡ። "የመንደር ሊቀ መንበር ምርጫ በዚያው ሳምንት ሐሙስ ነው። ወንድምህ ይወዳደራል አይደል?"

"ይወዳደራል።"

"ሰኞ ታባርራቸዋለህ፤ ሐሙስ ወንድምህ ሜዳ ላይ ሲቆም ከጀርባው ማን ይሰለፋል?"

በእኛ አገር የመንደር ምርጫ ወረቀት የለውም። ተወዳዳሪዎቹ ሜዳ ላይ ይቆማሉ፤ ሰው ከሚፈልገው ሰው ጀርባ ይሰለፋል፤ ቆጣሪው እያንዳንዱን ራስ በእጁ እየነካ ይቆጥራል። ማን ማንን እንደተወ አገር ያየዋል።

"ሚስቱ ትሰለፍለታለች፣" አለ አንዱ።

"ሚስቱ ቀሚሷን የምታሰፋው እዚያው በረንዳ ላይ ነው፣" አለ ሌላው፤ አዳራሹ ሳቀ። ካሉሌም ሳይወድ ፈገግ አለ።

ናሙቢሩ በሳቁ መካከል በግድግዳው ጥግ ጥግ ሄዳ ሐጃት አጠገብ ተንበረከከች። "ይቅር ይበሉኝ። ጥፋቱ የእኔ ነው። ስፒል አለበት፣ በቀኝ በኩል እጅዎን ቀስ አድርገው ያስገቡ።"

ሐጃት አልተቆጧትም። እጃቸውን አስገቡ፣ አንዱ ስፒል ወጋቸው፣ ከንፈራቸውን ነከሱ። ከዚያ በእንጨቱ አጥር መግቢያ ገብተው ቆሙ። ያልተዘመዘመው ጫፍ ከኋላቸው መሬት ይነካል።

"ክቡር አፈ ጉባኤ፣ አሁን ካባ አለኝ፣" አሉ።

"ግማሽ ካባ ነው የሚመስለው።"

"ግማሽ ንግግር እናገራለሁ።"

"ይናገሩ፣" አሉ አፈ ጉባኤው።

ሐጃት ግማሽ አልተናገሩም። ስለ በረንዳው ሰዎች ዕድሜ፣ ትኬቱን አንድ ቀን ሳያስተጓጉሉ ስለ መክፈላቸው፣ የገበያው ሕንጻ ላይ የሚያሰፋ ሰው ስለማይወጣ ዓመት ሳይሞላ ስለዘጉት ሱቆች ተናገሩ። "በእግሩ የደከመ ሰው ሦስተኛ ፎቅ እንዴት ይወጣል?" አሉ በመጨረሻ።

ካሉሌ ተነሣ። "ደረጃው ሰፊ ነው፣ መደገፊያ አለው። እንዲህ ያለ ወሬ ከምንሰማ ራሷ ትጠየቅ። ልብስ ሰፊዋ ይህችው ግድግዳው ጋ ቆማለች።"

አፈ ጉባኤ ካቴንዴ አንገታቸውን ዘለግ አድርገው ወደ ግድግዳው አዩ። "ሕዝብ በስብሰባ አይናገርም፣" አሉ። "ለአንድ ጥያቄ ግን እፈቅዳለሁ። ኛቦ፣ ሦስተኛ ፎቅ መውጣት ያቅትዎታል?"

ናሙቢሩ ጫማዎቿን ወደ ጀርባዋ ደበቀች። ሐጃት በዓይናቸው አዎ በይ፣ አዎ በይ ይሏታል። አንድ ቃል ነው። ጉልበቷም እኮ ጠዋት ጠዋት ያማታል።

"ቆጥሬዋለሁ፣" አለች፤ ድምፅዋ ለራሷም እንግዳ ነበር። "ደረጃው ሃምሳ አራት ነው። ሁለት ጊዜ ወጥቼ አይቼዋለሁ። አያቅተኝም።"

"በቃ፣" አለ ካሉሌና ሊቀመጥ ወንበሩን ሳበ። ሐጃት ዓይናቸውን ጨፈኑ።

"ሙዜ ሉቦዋ ግን አይወጡትም፣" አለች ናሙቢሩ።

"ሙዜ ሉቦዋ ማናቸው?"

"ከጎኔ የሚቀመጡት። ጫማ ሰፊው።"

ካሉሌ ፕላኑን አነሣ። "ጫማ ሰፊ ደረጃ እንዲወጣ ማን ጠየቀው? የጫማ ሰፊዎች ቦታ አውቶቡስ ማቆሚያው ጋ ነው። መሬት ላይ ነው፣ ደረጃ የለውም።"

"አዎ፣" አለች ናሙቢሩ። "እሱን ነው የምለው። እሳቸው እዚያ፣ እኔ ላይ።"

መጀመሪያ ማንም አልተረዳም። ከዚያ ያ ሽማግሌ አባል ዞር ብለው አዩዋትና ፊታቸው ለስለስ አለ። ከጀርባ ወንበር አንድ ሰው ሊስቅ ጀምሮ ተወው። ናሙቢሩ ጆሮዋ እስኪግል አፍራ ወለሉን ታያለች፤ ወለሉ ላይ ከካባው የወደቀ አንድ ስፒል አለ፤ ጎንበስ ብላ አነሣችው፣ የምታደርገው ስላጣች።

"ክቡር አፈ ጉባኤ፣" አሉ ሽማግሌው፣ በዚህ ጊዜ ተነሥተው። "ይሄ በማስተር ፕላኑ ላይ የለም።"

"የለም፣" አሉ አፈ ጉባኤው። "መሐንዲሱ አልጠየቀም። እኛም አልጠየቅንም።"

ከጁምዓ በፊት ወሰኑ። የበረንዳው ጉዳይ ከምርጫው በኋላ እንዲታይ ወደ ፕላን ኮሚቴው ተመለሰ፤ ይለቀቅም አይለቀቅም አልተባለም። የዓመት ፈቃዱ ግን ጸደቀ። ገበያው ላይ ቦታ የሚፈልግ ልብስ ሰፊ ዛሬ እስከ አሥር ሰዓት ከተመዘገበ ፈቃዱን በግማሽ ዋጋ ያገኛል፤ ከዛሬ በኋላ የሚመጣ ሙሉውን ይከፍላል፣ ቦታም ከተረፈ ነው።

ውጪ፣ ደረጃው ላይ፣ ሐጃት ካባውን አውልቀው መለሱላት። ትከሻቸውን ዳሰስ አደረጉ። "አላሳከከኝም፣" አሉ፣ ገና ያን ጊዜ አስተውለውት። ከቦርሳቸው አንድ ቅጽ አወጡ። "ስሚኝ እህቴ። ኮሚቴው ምን እንደሚል አላውቅም፤ ከምርጫ በኋላ የሰው ልብ ይለወጣል። በመስኮቱ በኩል የመጀመሪያው ረድፍ ባዶ ነው፣ መብራት አለው፣ ዝናብ አይደርስሽም። ስምሽን ሞልቼልሻለሁ። የቀረው ፊርማሽ ነው። ዛሬውኑ አድርሺው።"

ናሙቢሩ ተንበርክካ በሁለት እጇ ተቀበለች። "ይስጥልኝ።"

"አድርሺው ግን።"

"እሺ።"

በረንዳው ላይ ስትደርስ ሙዜ ሉቦዋ መኪናዋን በኮታቸው ሸፍነውት ነበር። አንዲት እናት የልጇን ቀሚስ ይዛ መጥታ እንደነበርና ነገ ነይ ብለው እንደመለሷት ነገሯት። ከዚያ ጠበቁ።

"ለኮሚቴ መለሱት፣" አለች።

"ይባርካቸው። ተናገሩ ሐጃት?"

"ተናገሩ።"

"እያከኩ?"

"ሳያኩ።"

ራሳቸውን ነቀነቁ። ቀጥሎ የሆነውን አልነገረቻቸውም፤ እሳቸውም አልጠየቁም። ቅጹን ግን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ደብቃ ቆይታ ከዚያ በላይ አልሆነላትም፣ አውጥታ ሰጠቻቸው። ሙዜ ሉቦዋ ማንበብ ስለሚያዘግማቸው በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡት። ሲጨርሱ በጥንቃቄ አጥፈው መለሱላት።

"መስኮት አለው ይላል።"

"አለው።"

"ጥሩ ነው። ዓይንሽ ብርሃን ይፈልጋል።" ወስፌያቸውን አንሥተው ሶሉ ላይ ሰኩት፣ ግን አልገፉትም። "አሥር ሰዓት ነው የሚዘጋው ይላል። አሁን ስንት ነው?"

"ዘጠኝ አልፏል።"

"እንግዲያው ተነሺ። እኔ ከመኪናሽ አልርቅም።"

ተነሣች። ቅጹን በቦርሳዋ፣ ቦርሳዋን በክንዷ ይዛ ወረደች። ወደ ገበያው የሚወስደው መታጠፊያ ጋ ጎንጃ የሚባለውን ሙዝ የምትጠብሰው ሴት ከሰሏን እያራገበች ነበር፤ ሙዙ ገና ነው፣ አንድ ጎኑ ብቻ ወርቅ መስሏል።

"ጃጃ፣ ትንሽ ይጠብቁኝ፣ ይገላበጥ፣" አለቻት ሴትየዋ።

ናሙቢሩ ቆመች። ከዚያች መታጠፊያ የገበያው ሕንጻ ይታያል፤ ሦስተኛው ፎቅ ላይ መስኮቶቹ በተርታ ያበራሉ፣ ያማሩ መስኮቶች ናቸው። ሰዎች ወረቀት ይዘው ይገባሉ። የጎንጃው ሴት ሙዙን አንድ በአንድ ገለበጠች፣ ተጣደፊ ያላት የለም። ናሙቢሩም አላጣደፈቻትም። ሌላኛው ጎን ወርቅ እስኪመስል፣ ከዚያም ጫፉ ጠቆር እስኪል ቆማ ጠበቀች።

"ስንት ላድርግልዎ?"

"ሁለት፣" አለች። "አንዱን በደንብ የበሰለውን። ለሽማግሌ ነው።"

በጋዜጣ የተጠቀለለው ጎንጃ እጇን ያቃጥላል። አንዱን እጇን ስታሳርፍ በሌላው እየያዘች፣ ቅጹ ሳይፈረም ቦርሳዋ ውስጥ እንዳለ፣ በመጣችበት መንገድ ተመለሰች። ሙዜ ሉቦዋ ገና ከሩቅ አይተዋት በርጩማዋ ላይ የነበረውን የጫማ ሶል አነሡላት።